ስለ ንፋስ ጠመንጃና ስለ አፈ ሙዙ ስፋት ምርጫ፤ ለወረኢሉና ለአዋሳኟ ደጋ ሹማምንት የተዘጋጀ ትምህርት

በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፥ የሸዋ ሠራዊት እስከ ጥቅምት እኩሌታ ተሰብስቦ እንዲገኝ የታዘዘው በወረኢሉ ነበረ። ይህችን ስፍራ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የጦር ሰፈር አድርገው አቋቁመዋት ስለ ነበረ፥ ለስንቅም ለመሣሪያም መከማቻ ትመች ነበር። በዚያ ሜዳ የሰፈረውን ሰው መሣሪያ አንድ ጸሐፊ እየዞረ ቢመዘግበው ኖሮ መዝገቡ እጅግ የተደበላለቀ በሆነ ነበር። ከፈረንሳይ የመጣው ውጅግራ ነበረ፤ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ሠራዊት ከተማረከው ወገን የሆነው ሬሚንግቶንም ነበረ፤ ኢጣልያም በወዳጅነቷ ዘመን ያበረከተችው ቬተርሊ ነበረ። እነዚህ ሁሉ ጠመንጃ ይባላሉ። ነገር ግን የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ዛሬ ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው የሚስተው በዚሁ ስፍራ ነውና። የአፈ ሙዝ ስፋት፥ ማለት ካሊብር፥ ጥይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ በሚሊሜትር ሲለካ የሚገኘው ቍጥር ነው። የውጅግራ ስፋት 11 ሚሊሜትር ነው። የግብፁም ሬሚንግቶን 11 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቍጥሩን ብቻ የሰማ ሰው ሁለቱ አንድ ጥይት የሚካፈሉ ወንድማማች ይመስሉታል። ዳሩ ግን የውጅግራው ቀለህ ርዝመት 59 ሚሊሜትር ሲሆን የሬሚንግቶኑ 50 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንዱ በሌላው ጕሮሮ አይገባም። ዝናሩን በማይገባ ጥይት የሞላ ወታደር የያዘው ከባድ ዱላ ነው። በቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለ ሁሉ፥ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቍጥር ሰሙ ነው፤ ወርቁ ግን በጕሮሮው ውስጥ ነው።

የሻጭና የገዢም ነገር እንዲሁ ነው። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆኖ ሳለ፥ ከባሕር ጠረፍ በግመል አስጭኖ 2,000 ያህል ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ አመጣ። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ሠራዊት ዘንድ ጊዜያቸው ያለፈባቸውና ከአገልግሎት የተጣሉ ነበሩ። ንጉሡም ዋጋውን አጥብቀው ስለ ቈረጡት ነጋዴው ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ። ከሌላ አገር ግምጃ ቤት የተጣለ ዕቃ እንደ አዲስ ተወልውሎ መምጣቱ በዚያ ዘመን ብቻ የነበረ ነገር አይደለም።

የእርሻ ጽሑፍ ስለ ጠመንጃ መናገሩ እንግዳ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። ምክንያቱ ይህ ነው። በወረኢሉ፥ በጃማ፥ በለጋሂዳ፥ ወደ ምዕራብም በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው የቦረና ደጋ የሚኖር ገበሬ ስንዴውን፥ ገብሱን፥ ባቄላውንና ጤፉን ከብዙ ጠላት ይጠብቃል። አይጥ በማሳም በጐተራም ያጠፋበታል፤ ጃርት በሌሊት ድንቹን ይቈፍርበታል፤ በገደል አፋፍ ያለው ማሳ ደግሞ የጭላዳና የዝንጀሮ መንጋ ይወርደዋል። ልጆች በማማ ላይ ተቀምጠው በወንጭፍና በጅራፍ ይከላከላሉ። ትልቁ ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ ከቤት ያለውን ጠመንጃ አንሥቶ ወደ መንጋው፥ ወይም ወደ ሰማይ ይተኵሳል።

ያ ጥይት ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ክላሽ የሚባለው መሣሪያ የሚተኵሰው 7.62 ሚሊሜትር ጥይት ከ2 ኪሎሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ይህ አገር ደግሞ ገደላማ ነው፤ ከአፋፉ በታች ሌላ መንደር አለ፥ ከመንደሩም በታች እረኛ አለ። በላይኛው ማሳ ለዝንጀሮ የተተኰሰ በታችኛው ቀበሌ ውሃ የምትቀዳ ሴት ልጅ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አንድ ቍና ባቄላ ለማዳን የሚከፈለው ዋጋ ይህ እንዳይሆን፥ አንዳንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር አለቆችና የመጋዘን ጠባቂዎች ጕልበቱ ያነሰውን የንፋስ ጠመንጃ ለመግዛት ያስባሉ። አሳባቸው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ገዝተው ከጨረሱ በኋላ ነው የሚጠይቁት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

የንፋስ ጠመንጃ ባሩድ የለውም። ጥይቱን የሚገፋው የታመቀ አየር ነው። አየሩ የሚታመቅበት መንገድ በተለይ ሁለት ነው። በመጀመሪያው ወገን ቱቦውን ሰብሮ ሲያጥፉት ብርቱ ሞላ ይጠመጠማል፤ ምላጩ ሲሳብ ሞላው ተፈናጥሮ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር በቅጽበት ያምቃል፥ አየሩም ጥይቱን ያስወጣል። በሁለተኛው ወገን አየሩ አስቀድሞ በፓምፕ ወይም በጋን ተሞልቶ በጠመንጃው ማጠራቀሚያ ይቀመጣል፤ በያንዳንዱ ተኵስ ጥቂት ጥቂት ይወጣል። የፊተኛው ከራሱ በቀር ሌላ ዕቃ አይሻም። የኋለኛው ሲተኵስ የማይናወጥና ዒላማ የማይስት ነው፤ ሆኖም ፓምፑ፥ መለኪያው፥ የጎማ ቀለበቶቹ ሁሉ ጠባቂ ይፈልጋሉ።

ይህ የኋለኛው ወገን አዲስ ፈጠራ የሚመስለው አለ። አይደለም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1780 ገደማ የኦስትርያ መንግሥት የጂራርዶኒን የንፋስ ጠመንጃ ለወታደሮቹ አስታጥቆ ነበር። 20 ያህል ድቡልቡል እርሳስ ይጐርሳል፥ ጢስ የለውም፥ እንደ ባሩዱ ጠመንጃ በዝናም አይከሽፍም፥ በዚያ ዘመን ከነበረውም መሣሪያ ሁሉ ይፈጥን ነበር። ይህን የመሰለ ዕቃ ስለ ምን ተተወ ቢባል፥ የአየር ማጠራቀሚያውን ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል መንፋት ያስፈልግ ስለ ነበረና የቆዳው ማኅተም እየደረቀ አየሩን ስለሚያስወጣ ነው። የጥይቱ ስፋት ከ11 ሚሊሜትር በላይ መሆኑ አላዳነውም። ጠመንጃውን የጣለው አንዲት ቍራጭ ቆዳ ናት። በወረኢሉ ገበያ መለዋወጫ ጎማ የማይገኝለትን ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ይህን ታሪክ ደግሞ ሊያስበው ይገባል።

አሁን ወደ ስፋቱ እንመለስ። በዛሬው ጊዜ የሚበዙት ስፋቶች 4.5 እና 5.5 ሚሊሜትር ናቸው፤ 6.35 የሆነም አለ። ጠመንጃው ጥይቱን የሚሰጠው ጕልበት በጁል ይቈጠራል። በእንግሊዝ አገር ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዝ የንፋስ ጠመንጃ ከ16 ጁል ገደማ እንዳያልፍ ተወስኗል፤ በጀርመን ደግሞ ወሰኑ 7.5 ጁል ነው። የክላሽ ጥይት ወደ 2,000 ጁል ጕልበት እንዳለው ሲታሰብ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግልጽ ይሆናል። እንግዲህ 16 ጁል ያለው ጠመንጃ ስፋቱ 4.5 ቢሆን ግማሽ ግራም ያህል የምትመዝነውን ጥይት በሴኮንድ 250 ሜትር ያህል ያስኬዳታል። ስፋቱ 5.5 ቢሆን ግን አንድ ግራም የሚጠጋውን ጥይት በሴኮንድ 180 ሜትር ገደማ ያስኬደዋል። ጕልበቱ አንድ ነው፤ የተለየው አከፋፈሉ ነው። ከዚህ የተነሣ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ትንሿ ጥይት ከአፈ ሙዙ መስመር 8 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ስትል፥ ትልቁ 15 ሳንቲሜትር ያህል ይወርዳል። ርቀቱን በዐይኑ የማይገምት ተኳሽ በትልቁ ይስታል።

ታዲያ ትንሹ ሁልጊዜ ይሻላልን? አይሻልም። የ5.5 ጥይት የፊቱ ስፋት ከ4.5 አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ነው፤ አይጥን ሲመታ ጕልበቱን በዚያው ትቶ ይቀራል፥ ትንሿ ግን በስታ ብዙ ጊዜ ታልፋለች። በእህል መጋዘን ውስጥ ደግሞ የሚተኰሰው ከ10 ወይም ከ15 ሜትር አያልፍም፤ በዚህ ርቀት የመውረዱ ነገር ከቁም ነገር አይገባም። ስለዚህ ለመጋዘን ጠባቂ የሚስማማው 5.5 ሚሊሜትር የሆነ፥ ጕልበቱ መካከለኛ የሆነ፥ በሞላ የሚሠራ ጠመንጃ ነው። የዚህ ስፋት ጥይት በአቅራቢያው የማይገኝ ከሆነ ግን ምርጫው ይገለበጣል፤ የሚገኝ 4.5 ከማይገኝ 5.5 ይሻላል። ስለ 6.35 ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ስፋቱ ብርቱ ጕልበት ይጠይቃል፥ በደካማ ጠመንጃ ላይ ሲሆን ጥይቱ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ጐብጦ ይሄዳል።

በጸጸት ከሚነገረው ሁሉ የሚበዛው ግን ስለ ፍጥነት ነው። ሻጭ በሣጥኑ ላይ ትልቅ ቍጥር ይጽፋል፤ ያ ቍጥር የተገኘው ብዙ ጊዜ ማንም ለሥራ በማይጠቀምባት እጅግ ቀላል ጥይት ነው። ጥይቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት፥ ማለት በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር፥ ሲቃረብ ይንገዳገዳል፤ ሲያልፈውም ይጮኻል። ፈጣኑን የገዛ ሰው የሚስት ጠመንጃ ገዝቶ፥ በላዩ ላይ አይጡን ሁሉ የሚያባርር ጩኸት ተመርቆለት ይገባል። ከውጅግራና ከሬሚንግቶን የተገኘው ትምህርትም በዚህ ይደገማል። 4.5 ሚሊሜትር ተብላ የምትሸጥ ድቡልቡል የብረት ጥይት አለች፤ ወገቧ ቀጭን የሆነች የእርሳስ ጥይትም አለች። ቍጥራቸው አንድ ነው። ብረቷን በተሸረሸረ ቱቦ ውስጥ፥ ማለት ለእርሳስ ጥይት ጥምዝ መስመር በተቀረጸለት ቱቦ ውስጥ የተኰሰ ሰው መስመሩን ያበላሸዋል፤ ብረትም ከድንጋይ ግድግዳ ተመልሶ ወደ ተኳሹ ዐይን ይመጣል። ከእርሳሶቹም መካከል 4.50፥ 4.51፥ 4.52 እየተባሉ የሚለዩ አሉ። የሚበጀው ከያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቆርቆሮ ገዝቶ፥ በ20 ሜትር ወረቀት ተክሎ፥ በጠባብ ስፍራ የሚሰበሰበውን መምረጥ ነው።

በደጋ አገር ለሚኖር ሰው ሌላ ነገር ይጨመራል። ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይከብዳል። ከዚህ ሁለት ውጤት ይወጣል። ጥይቱ በቀጭን አየር ውስጥ ስለሚሄድ ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በሞላ የሚሠራው ጠመንጃ የሚያምቀው አየር ስለሚያንሰው በዝርዝሩ ከተጻፈለት ጕልበት ይጐድላል። በእጅ ፓምፕ የሚሞላውም በባሕር ዳርቻ 100 ጊዜ ተነፍቶ የሚሞላ ቢሆን በወረኢሉ 133 ጊዜ ያህል መነፋት አለበት። በክረምትም አየሩ እርጥብ ስለሆነ በሚነፋበት ጊዜ ውሃ በማጠራቀሚያው ውስጥ ይረጋል፥ ብረቱንም ያዝጋል። የሣጥኑ ቍጥር ከዚህ ደጋ ርቆ በተቀመጠ ሠራተኛ የተጻፈ መሆኑን መርሳት አይገባም።

የንፋስ ጠመንጃ ለምን እንደማያገለግል ደግሞ መለየት ያሻል። በማሳ ላይ ለተበተነ የአይጥ ብዛት ከንቱ ነው፤ ለዚያ ማሳውን ከአረም ማጽዳት፥ ዳር ዳሩን ማጨድ፥ ወጥመድም ማኖር ይረዳል። በቆላ ማሽላ ላይ እንደ ደመና ለሚያርፈው ግሪሳ ወፍ ጠመንጃ ሁሉ መሳቂያ ነው። የጃርት ቆዳና እሾህ ለዚህ ጕልበት አይበገርም። ጭላዳንና ዝንጀሮንማ በንፋስ ጠመንጃ መምታት ማቍሰል ብቻ ነው፤ መንጋው ተመልሶ ይመጣል፥ ቁስለኛው ግን በገደል ውስጥ ቀስ እያለ ይሞታል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኝ እንስሳ ነው፤ የዱር እንስሳትም ጥበቃ በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 541 የተደነገገ ስለሆነ፥ ሹም የሆነ ሰው ያለ ፈቃድ አደን የሚያበረታታ ቃል ከአፉ እንዳይወጣ መጠንቀቅ አለበት። ርግብን የሚመለከት ትእዛዝ መስጠት አያስፈልግም፤ በዚህ አገር ርግብ የሚገድል ገበሬ ማግኘት ያስቸግራል።

የአይጥ ጠላቶች የሰው ወዳጆች መሆናቸውም ሊታወቅ ይገባል። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከሁሉ ይልቅ የሚመገበው አይጥንና የአይጥን ወገን ነው። ጉጉትም ክፉ ገድ ናት ተብላ ብትጠላም በሌሊት የምትሠራው ሥራ ይኸው ነው። በእርሳስ ተመትቶ ሜዳ ላይ የተጣለ አይጥ ለነዚህ ሁሉ መርዝ ነው። እርሳስ ከሆዳቸው ገብቶ ይገድላቸዋልና፥ የተገደለው አይጥ ሁሉ ተለቅሞ ጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ መቀበር አለበት።

አጠባበቁ ቀላል ቢሆንም የሚሳሳትበት ሰው ብዙ ነው። በሞላ የሚሠራውን ጠመንጃ ያለ ጥይት መተኰስ ውስጡን ይሰብራል። አቀባብሎ ማሳደር ሞላውን ያደክማል፥ አደጋም ነው። ለማለስለስ ተብሎ ኑግ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደሩ የሚያፈስ አለ፤ አየሩ በድንገት ሲታመቅ እጅግ ስለሚግል ዘይቱ እንደ ናፍጣ ሞተር ይቃጠላል፥ ማኅተሙንም ያበላሻል። መሣሪያው ትንሽ ነው ተብሎ ለልጅ መስጠት ከሁሉ የከፋ ነው። በቅርብ ዐይን ያፈሳል፤ ሰውም ሊገድል ይችላል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1177 የሚመራ ነው። ስለዚህ የንፋስ ጠመንጃ ቢሆንም እንኳ ገንዘብ ሳይከፈል አስቀድሞ ለሚመለከተው የፖሊስና የጸጥታ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መጠየቅና መልሱን በፋይል ማኖር የሹሙ ግዴታ ሊሆን ይገባል። በቃል የተገኘ እሺታ ፈቃድ አይባልም። ከዚህም በላይ በዐማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ተጐድቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በማታ ሰደፍና ቱቦ ያለው ዕቃ ተሸክሞ በመጋዘን ዙሪያ የሚመላለስን ሰው ከሩቅ የሚያየው ባለ መሣሪያ፥ በውስጡ ባሩድ ይኑር ንፋስ ይኑር ሊለይ አይችልም። ጠባቂው ሊነግረው ሳይደርስ ነገሩ ያልቃል። ሥጋት ባለበት ቀበሌ እንግዲህ የሚመረጠው 4.5ም 5.5ም አይደለም፤ ድመት፥ ወጥመድ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ እግሩ በቆርቆሮ የታጠረ ጐተራ ነው። እነዚህ ለሥራ ከጠመንጃው እንደሚበልጡ የሚያውቅ ሹም በሰላሙም ጊዜ ቢሆን የመጀመሪያውን ብር የሚያወጣው በነርሱ ላይ ነው።

ፈቃዱ ተገኝቶ፥ ጊዜውም ሰላም ሆኖ ጠመንጃው በተገዛበት መጋዘን ደግሞ የእህሉ ነገር ይቀራል። ተኳሹ ከዒላማው ኋላ አፈር የተሞላ ጆንያ ያቆማል፤ ወደ ቆርቆሮ ጣራም ሆነ ወደ ድንጋይ ግድግዳ አይተኵስም። የእርሳስ ጥይት በስንዴ ክምር ውስጥ ገብታ ከቀረች ከስንዴው ጋር ትፈጫለች፤ እርሳስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትን የሚጐዳ መርዝ ነው። ከእርሳስ ይልቅ ከቆርቆሮ ማዕድን የተሠራ ጥይት ቢገኝ ይመረጣል። ባይገኝ ግን ጠባቂው ማታ የተቀበለውን ጥይት ቈጥሮ ይፈርማል፤ ጧትም ከጆንያው አፈር ውስጥና ከወለሉ የለቀመውን፥ ከተረፈውም ጋር ደምሮ ለመጋዘኑ ኀላፊ ያስረክባል። ቍጥሩ ከጐደለ በዚያ ወገን ያለው እህል በወንፊት ተነፍቶ ጥይቷ እስክትገኝ ድረስ ወደ ወፍጮ አይሄድም።